ሩዛችን ቴትራ ከመልመዱ በፊት፦ ለኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንና ለፎገራ የሩዝ ምርምር ማዕከል ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን
ለፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ተመራማሪዎች፣

ባለፈው መስከረም አጎቴ ከፎገራ ባሕር ዳር መጡ። በአንድ እጃቸው የአሬራ ጀሪካን፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ የሩዝ ቅጠል ይዘዋል። «ዋግ የመታው መሰለኝ፤ እስቲ እይልኝ አንቺ ልጅ» አሉኝ።

ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ በሁለቱም ጠርዝ ቢጫ ሆኖ ወርዷል። መሃሉ ገና አረንጓዴ ነው። የምሠራው ማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ቅጠል ግን በፎቶ እንጂ በእጄ ይዤ አላውቅም። ደንገጥ አልኩ።

ማይክሮስኮፕ አላስፈለገኝም። የሻይ ብርጭቆ አምጥቼ ንጹሕ ውሃ ሞላሁበት። ቢጫውና አረንጓዴው የሚገናኙበትን ቦታ በመቀስ ቆረጥኩና የቅጠሉን ቁራጭ ውሃው ውስጥ ነከርኩት። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁ። በሽታው የባክቴሪያ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቁርጡ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ይወጣል። የዕጣን ጭስ ተገልብጦ ወደ ታች ሲወርድ አስቡት። ያ ክር ለቁጥር የሚታክት ባክቴሪያ ነው። አጎቴ ዓይናቸውን ከብርጭቆው ሳይነቅሉ ሁለት ስኒ ቡና ጠጡ። ምንም አልወረደም። ውሃው እንደጠራ ቀረ።

«ባክቴሪያ አይደለም፣ እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው።

«ታዲያ መድኃኒቱን በከንቱ ነዋ የረጨሁት!» አሉ።

የምን መድኃኒት? መጀመሪያ አንድ ሻጭ የፈንገስ ኬሚካል ሸጠላቸው። ለውጥ ሲያጡ ደግሞ ቴትራ እንዲሞክሩ ተመከሩ። አዎ፣ ያው የምናውቀው ቴትራሳይክሊን፣ የሰው እንክብል። ሃያውን ፈልቅቀው ዱቄቱን በጀርባ መርጫው ውሃ በጥብጠው ማሳውን ረጩት። «ለቲማቲም ሠርቷል» ተብለው ነው። ቆይቶ ሲጣራ የሩዙ ችግር የምግብ እጥረት ሆኖ ተገኘ። ባልነበረ በሽታ የሰው መድኃኒት ሩዝ ጠጣ።

በአጎቴ አልፈርድም። ሰው ጭንቅ ሲይዘው ያገኘውን ይሞክራል። የምጽፍላችሁ ያ ብርጭቆ አንድ ቀን ክሩን ያሳየን እንደሆነ ምን እንደምናደርግ አሁን፣ ሳይመሽ እንድንነጋገር ነው።

በሽታውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ለሌላው አንባቢ ግን ላስረዳ። ዛንቶሞናስ ኦራይዜ የሚባል ቢጫ ባክቴሪያ አለ። በሩዝ ቅጠል ጠርዝ ላይ ውሃ በሚያንጠባጥቡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ወይም ነፋስና በረዶ በተከሉት ቁስል በኩል ይገባል። ከዚያ ውሃ ወደሚመላለስባቸው ቧንቧዎች ወርዶ ይራባል። በተንኮሉ የተክሉን የስኳር በር አስከፍቶ ይመገባል። ቅጠሉ ከጠርዙ እየደረቀ ይሄዳል። ክፉ በሆነበት ዓመት የምርቱን ግማሽ ሊወስድ ይችላል። ችግኝ ላይ ከያዘው ችግኙን ጠቅላላ ይገድላል። በዝናብ ፍንጣቂ፣ በመስኖ ውሃና በጎርፍ ይዛመታል። ዩሪያ የበዛበት ሩዝ ደግሞ ይበልጥ ይመቸዋል። አሁን የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ አስቡ። ለዚህ ባክቴሪያ ከፎገራ የተሻለ መንገድ ማን ይሠራለታል?

ጃፓኖች በሽታውን ፉኩኦካ ውስጥ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ምዕራብ አፍሪካም ለዓመታት የራሷን ዝርያ ይዛ ኖራለች። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ታንዛኒያ ውስጥ፣ ሞሮጎሮ ግዛት ዳካዋ በሚባል የሩዝ መስኖ፣ በሽታው ተቀሰቀሰ። ተመራማሪዎች የባክቴሪያውን ዘረመል ሲያዩ ከእስያ ዝርያዎች ጋር ተዛመደባቸው። የአፍሪካ ነባር ዝርያዎች የሌላቸውን የስኳር በር መክፈቻ ቁልፍ ይዟል። ከዳካዋ እስከ ፎገራ መሃል ላይ ያለችው ኬንያ ብቻ ናት። ዘር ደግሞ በከረጢትም በኪስም ይጓዛል።

«ሲመጣ እናያለን» የሚል ካለ ዝንጅብልን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ የባክቴሪያ አጠውልግ የዝንጅብል ማሳውን ጠራርጎ ወሰደው። ገበሬው ሙሉ ኑሮውን የጣለበት ሰብል ነበር። ምርምሩ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ባክቴሪያን በፈንገስ ኬሚካል አትገድለውም። የመዳብ ውህዶች በተወሰነ ደረጃ ይሠራሉ፤ ሩዝን ግን ራሱን ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ስለዚህ የብዙ አገር ገበሬ ዞሮ ዞሮ ወደ አንቲባዮቲክ ሄደ። ህንድ ስትሬፕቶማይሲንና ቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበትን ዱቄት ሩዝ ላይ ለብዙ ዓመታት ረጭታለች። በኋላ ራሷ ደንግጣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከእርሻ ለማስወጣት ረቂቅ ትዕዛዝ አወጣች። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ፣ የሳንባ ነቀርሳን ያሸነፈ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። በአገራችን ስንቱ የነቀርሳ ሕመምተኛ ለሳምንታት ተወግቶታል። እሱን ማሳ ላይ መርጨት ማለት የማሳውን፣ የቦዩንና የከብቱን ባክቴሪያ መድኃኒቱን እንዲለምድ ማሠልጠን ነው። የፎገራ ውሃ ደግሞ መጨረሻው ጣና ነው።

እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ቴትራም፣ ስትሬፕቶማይሲንም «ተፈጥሯዊ የረቂቅ ተሕዋስያን ውጤቶች» ናቸው። ሁለቱም ከአፈር ባክቴሪያ የተገኙ ናቸው። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም ማለት ነው። ሻጭ ይህን ቃል ሲጠቀም ጆሮአችንን ማቆም አለብን።

ጃፓኖች ይህን ዋጋ ከፍለው ተምረውታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሩዝ ፈንገስን ለመግደል ማሳ ላይ የሜርኩሪ ውህድ ይረጩ ነበር። እሱን ለመተካት ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ብላስቲሲዲን የሚባል ነገር አመጡ። ፈንገሱን ገደለ። የገበሬውን ዓይን ግን አቃጠለ። ሃማኦ ኡሜዛዋና ባልደረቦቹ ደግሞ ናራ ከተማ ካለው የካሱጋ ቤተ መቅደስ አፈር አንድ ባክቴሪያ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1965 ከእሱ የተገኘውን ውህድ በቦታው ስም ካሱጋማይሲን አሉት። ለሰው ሕክምና የማይውል፣ መርዛማነቱ ዝቅተኛ የሆነ፣ የባክቴሪያውን የፕሮቲን ማምረቻ ገና ከመነሻው የሚያቆም ነው። ሩዝ ላይ ከፈንገሱ አልፎ ችግኝ ለሚገድሉ ባክቴሪያዎችም ዋለ። የኔ ዓይነት ሰው የሚወደው ምርጫ ይህ ነው፤ ከሰው መድኃኒት ቤት ጋር የማይጋጭ። ግን እሱንም አብዝተው ተጠቀሙበትና የተወሰኑ የሩዝ ባክቴሪያዎች ለመዱት። ውህዱን የሚያከሽፍ ዘረመል አገኙ። ምንም ያህል ደግ መድኃኒት ቢሆን ብቻውን ካሠራነው ይደክማል።

አሁን ወደምወደው ክፍል።

ተማሪ ሳለሁ ከታመመ እንሰት የተወሰደ ዛንቶሞናስ ላይ ሠርቻለሁ። የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ሲያድግ ማር ይመስላል፤ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚዝለገለግ። አንድ ቀን ሳህኑን በሙሉ በእሱ ቀባሁትና መሃሉ ላይ ከማሳ አፈር ካወጣሁት ባሲለስ ከሚባል ባክቴሪያ አንድ ጠብታ አኖርኩ። በሁለተኛው ቀን ከፈትኩት። ሳህኑ ዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው። በጠብታዋ ዙሪያ ግን የአሥር ሳንቲም ገንዘብ የሚያህል ጥርት ያለ ቀለበት ተሠርቷል። ባዶ። ጠብታዋ ቢጫውን አላስጠጋችውም። ያን ሳህን ለመጣል ሆዴ አልቻለም፤ እስኪደርቅ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ያ ቀለበት እንዴት እንደሚሠራ ዛሬ በደንብ የታወቀለት አለ። ኤፍዜድቢ42 የሚባለው ባሲለስ ዲፊሲዲንና ባሲሊሲን የሚባሉ ሁለት ውህዶች ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ሁለቱ የሩዙን ዛንቶሞናስ ግድግዳ እንደሚያፈርሱና የማጥቂያ ዘረመሎቹን እንደሚያዳክሙ አሳይቷል። ባሲሊሲን ተንኮለኛ ነው። ሁለት አሚኖ አሲዶች የተጣበቁበት ትንሽ ነገር ነው። ባክቴሪያው ምግብ መስሎት ያስገባዋል። ውስጥ ሲፈታው ግን አንዱ ቁራጭ መርዝ ሆኖ ይወጣና የግድግዳ ሥራውን ያስቆማል። የተመረዘ ጉርሻ በሉት።

ከዚህ የሚጠቅመን ነገር ባሲለሱን ራሱን በዘር ላይ መቀባት መቻሉ ነው። ውህዱን አጣርቶ በጠርሙስ መሸጥ የግድ አይደለም። ባሲለስ ችግር ሲመጣበት እንደ ዘር የሚደርቅ ቅርፊት ይሠራል። በፎገራዋ ወረታ ከተማ፣ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ሱቅ ውስጥ ከሌሎቹ በተሻለ ሙቀት ይችላል። ሱዶሞናስ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ያን ቅርፊት ስለማይሠራ በዚያ ሙቀት ቶሎ ያልቃል። ለገበሬው አዲስ ነገር እንኳ አይደለም፤ ለባቄላና ለአኩሪ አተር በጥቁር ዱቄት የሚሸጥ ባክቴሪያ አገር ውስጥ አለን። ያን የቀባ እጅ ይህንንም ይቀባል።

ግን ላታልላችሁ አልፈልግም። ሳህን ላይ የሚያምር ቀለበት ማሳ ላይ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ይገድለዋል፣ የአፈሩ ነባር ነዋሪ ያባርረዋል። ደግሞ ጥሩ ቀለበት የሚሠራ ሁሉ ጨዋ አይደለም። በርክሆልደሪያ ሴፓሲያ የሚባለው ባክቴሪያ የእፅዋትን በሽታ በመከላከል ጎበዝ ነው፤ ሳንባቸው ለታመመ ሰዎች ግን ገዳይ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የሚቋቋም ዝርያ ይቅደም። ዛንቶሞናስን የሚቋቋመው ኤክስኤ21 የተባለው ዝነኛ ዘረመል ከማሊ የዱር ሩዝ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ተለየ። ያ የዱር ሩዝ፣ ኦራይዛ ሎንጊስታሚናታ፣ ፎገራ ሜዳ ላይና ጋምቤላ በራሱ ጊዜ ይበቅላል። እኛ አረም ብለን እንነቅለዋለን። እናንተ ከሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጋር የመጣችውን ኤክስ-ጅግና የተባለች የሩዝ ዝርያ የሚተኩ ዝርያዎች ለማውጣት የምትለፉትን አውቃለሁ። ያ ሥራ አንደኛ ነው። ረቂቅ ተሕዋስያኑ አጋዥ ናቸው።

ታዲያ ምን ልጠይቃችሁ?

ለባለሥልጣኑ፦ የሰው አንቲባዮቲክ ሰብል ላይ እንዳይረጭ በማያሻማ አማርኛ ንገሩን። ወረቀቱ በየግብዓት ሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሕያው ባክቴሪያ ለያዘ ምርት ደግሞ ተገቢውን ጥያቄ ጠይቁ። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ማን ነው? በግራም ስንት ሕያው አለ? ወረታ ሙቀት ላይ ስድስት ወር ቢቀመጥ ስንት ይተርፋል? ለሰው መድኃኒት የመላመድ ዘረመል ይዟል ወይ? እነዚህን የመለሰ ይግባ፤ «ተፈጥሯዊ ነው» ብቻ የሚል ይመለስ። ኬሚካል የሚመረመርበትን ሚዛን ለሕያው ነገር ብትጠቀሙ ደጉም ይወድቃል፣ ክፉውም ያልፋል።

ለምርምር ማዕከሉ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ለየት ይላል። የሩዙን ባክቴሪያ ለሙከራ ብላችሁ አገር ውስጥ አታስገቡ። እንዳታስቡት። እኛ ግን የቅርብ ዘመዱ አለን። የእንሰት አጠውልግ የሚያመጣው ዛንቶሞናስ ነው፤ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳወቁት፣ በኋላ ወደ ሙዝ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ዩጋንዳን ያስጨነቀው። ከፎገራ አፈር፣ ከዱር ሩዙ ሥር፣ ከሩዝ ማሳው ጭቃ ባሲለሶችን ሰብስቡ። መጀመሪያ በእንሰቱ ዛንቶሞናስ ላይ ፈትኗቸው። ጥሩ ቀለበት የሠሩትን ለዩ። የሩዙ በሽታ ባይመጣ እንኳ የእንሰት ገበሬው ይጠቀማል፤ እስካሁን በእጁ ያለው ዋና መፍትሔ ቢላዋውን በእሳት ማንደድና የታመመውን ነቅሎ መቅበር ነው። የሩዙ በሽታ ከመጣ ደግሞ እጃችን ባዶ አይሆንም።

ከዚያ የተመረጡትን በሽታው ወዳለበት አገር ልኮ ማስሞከር ይቻላል። በውል ግን። በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በኩል፣ ባለቤትነቱ ተጽፎ። የጤፍ ነገር ትዝ ይለናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሞ፣ በጤፍ ዱቄት ላይም የባለቤትነት መብት ኔዘርላንድ ውስጥ ተይዞ፣ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪሰርዘው ድረስ ስንት ዓመት አፋችንን ይዘን ቆየን። የፎገራ ባክቴሪያ ነገ በሌላ ሰው ስም በጠርሙስ ተመልሶ እንዳይሸጥልን።

ሌላው ጥያቄዬ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። የሩዝ አብቃይ ቀበሌዎችን የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የብርጭቆዋን ምርመራ አስተምሩልኝ። ብርጭቆ፣ መቀስ፣ ንጹሕ ውሃ። ክሩን ያየ ሠራተኛ በዚያው ቀን ለማዕከሉ ይደውል። ያላየ ደግሞ ገበሬውን ከመድኃኒት ሱቅ ይመልስ። አጎቴ ይህን ቀድመው ቢያውቁ የቴትራውን ብር ለዳጉሳ ዘር ያደርጉት ነበር።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት በስልክ አነበብኩላቸው። የባሲሊሲኑ ጉርሻ ጋ ሲደርስ ሳቁ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ለሙከራ መሬት ካጡ አንድ ቃዳ እሰጣለሁ በያቸው፤ ጉማራ የማይደርስበቱን» አሉ። ውል እንዲጻፍ ግን ይፈልጋሉ። ሩዙ ከተበላሸ የዚያ ዓመት ኩንታሉ እንዲከፈላቸው፣ ከተሳካ ደግሞ ባክቴሪያው የተሞከረበት ማሳ የማን እንደሆነ እንዲጻፍላቸው። ስልካቸውን በጠየቃችሁኝ ጊዜ እሰጣችኋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከባሕር ዳር፣ የአንድ የፎገራ ገበሬ እህት ልጅ